ዳንገር

ቆርቆሮው አረንጓዴ ነበር። ዙሪያውን የለበሰው ወረቀት ግማሹ ተልጧል። በተረፈው ላይ አንድ ቃል ከሌሎቹ ሁሉ ገዝፎ በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ስድስት ፊደል። አክስቴ ቆርቆሮውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ፣ ከትምህርት ቤት እስክመለስ በራችን ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። ሰኔ ነው። ጉሙ ከጭላሎ ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። ከሩቅ የታየኝ የነጠላዋ ንጣት ብቻ ነበር።

«ና እስቲ የኔ ልጅ፣ ይቺን አንብብልኝ» አለችኝ በኦሮምኛ። «ለመዥገር ትሆናለች?»

ዘመኑ 1976 ዓ.ም. ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነኝ። ቤታችን ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ሲኬድ በስተግራ፣ የተራራው እግር ላይ ነበር። በቤቱም በጎረቤቱም የፈረንጅ ፊደል የሚለይ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የተማርኩት እንግሊዝኛ ስለ ብዕርና ጠረጴዛ፣ ስለ ወንድምና እህት ከሚያወራው ብዙ ያለፈ አይደለም። ፊደሎቹን ግን አውቃቸዋለሁ። ዲ፣ ኤ፣ ኤን፣ ጂ፣ ኢ፣ አር። አንድ በአንድ አገጣጠምኳቸውና «ዳንገር» አልኩ።

«ዳንገር ምንድን ነው?»

«ስሙ ነው።»

ይህን ስል አልዋሸሁም። በሳሙናው መጠቅለያ፣ በክብሪቱ ሳጥን፣ በባትሪ ድንጋዩ ላይ ገዝፎ የሚጻፈው የዕቃው ስም ነው። ገዝፎ የተጻፈ ነገር ሁሉ ስም እንደሆነ ዐይኔ ከልጅነቱ ለምዷል። የዚህስ ለምን ይለያል? ከትልቁ ቃል በታች እንደ ጉንዳን የተሰለፈ ጽሑፍ ነበር። ከእሱ ሁለት ሦስት ቃል ሞከርኩና ተውኩት።

«መድኃኒት ነው አይደል?» አለች።

«አዎ፣ የተምች መድኃኒት ነው።»

ይህንንስ ሁሉም ያውቀዋል። በዚያ ዓመት ተምች ገብስና ጤፉ ላይ ወርዶ፣ ከገበሬ ማኅበሩ መጋዘን መድኃኒት ታድሏል። አባቴም ሌሎቹም ፊታቸውን በሻሽ አስረው ሦስት ቀን ረጭተዋል። ቆርቆሮዎቹ ባዶ ሲሆኑ ለሰው ተከፋፈሉ። ጥሩ ቆርቆሮ ያን ጊዜ ብርቅ ዕቃ ነው። አክስቴ የደረሳት ግን ከሥሩ ጥቂት የቀረበት ነበር፤ ስታወዛውዘው ይሰማል።

«ተምችን ከገደለ መዥገር አያቅተውም» ብላ ተነሣች።

ጥጃዋ ቡሬ ትባል ነበር። ክልስ ናት፤ እናቷ ከአሰላ የከብት ማርቢያ በመጣ ዘር የተዳቀለች ላም ነበረች፤ ቁመናዋ ከሌሎቹ ከብቶቻችን ይለያል። አክስቴ ባሏ ሞቶባት ከሁለት ልጆች ጋር የቀረች ሴት ነበረች። ቡሬ ስታድግ የምትሰጠውን ወተት በጮጮ ቁጥር አስልታ ጨርሳለች፤ የትኛው ለገበያ፣ የትኛው ለልጆቹ እንደሚሆን ታውቀዋለች። የጥጃዋ ጆሮና ብብት ግን መዥገር ወሮት ነበር። አክስቴ የቆርቆሮውን ዝቃጭ በትንሽ ውኃ በጥብጣ፣ በጨርቅ እየነከረች፣ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ቀባቻት። እኔ ገመዱን ይዤ ነበር። ሽታው እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት ይመስላል።

ማታ ላይ ቡሬ ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር። የትከሻዋ ሥጋ በቆዳዋ ሥር ለብቻው ይንቀጠቀጣል፤ ዝንብ የሚያባርር ቆዳ ዐይነት፣ ግን የማያቆም። ወተት በጠርሙስ ጋቷት፣ ቅቤ አስዋጧት፣ አያቴ ጸሎት አደረገችላት። ፋኖስ ይዤ አጠገቧ ቆሜ ዐይኗን አየሁት። የዐይኗ ብሌን ጨለማ ውስጥ ሆኖ ጠቦ እንደ መርፌ ቀዳዳ ሆኖ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ሞተች። አክስቴም እጇ እስከ ክንዷ እየተንቀጠቀጠ፣ ሆዷን ይዛ ሁለት ቀን ተኛች። እሷ ተረፈች።

የወቀሰኝ ሰው አልነበረም። አያቴ «ባላ» አለች፤ በኦሮምኛ መዓት፣ መቅሠፍት ማለት ነው። ሰው ሁሉ ከላይ የመጣ ነገር እንደሆነ አድርጎ ተቀበለው። አባቴ ጥጃዋን ከሩቅ ጎትቶ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበራት፤ ሥጋዋ ለውሻም አልተሰጠም። ቆርቆሮውንም አብሮ ቀበረው። ከዚያ በኋላ በሰፈራችን አንድ አዲስ ቃል ተፈጠረ። የተምቹ መድኃኒት ስሙ «ዳንገር» ሆነ። «ዳንገር የነካ እጅህን ታጠብ»፣ «ዳንገር የተረጨበት ሣር ላይ ከብት እንዳታስገባ» መባል ጀመረ። ቀስ በቀስ ቃሉ ሰፋ። የተሰበረ ጠርሙስ፣ የደፈረሰ ጉድጓድ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው የመንግሥት እርሻ ዳር የተጣለ በርሜል፣ ሁሉም ዳንገር ተባለ። ሕፃን እሳት አጠገብ ሲደርስ እናቱ «ዳንገር!» ትለዋለች። መንደር ምሥረታው በ1978 ዓ.ም. ሰውን ከየጎጆው አንሥቶ በመደዳ ሲያሰፍር፣ ቃሉ ከኛ ጋር ተነሥቶ ወደ አዲሱ መንደር ገባ፤ ከሌላ ቀበሌ የመጡትም ተማሩት።

ትርጉሙን የሰማሁት ከጥጃዋ ሞት በኋላ ባለው ዓመት፣ ሰባተኛ ክፍል ገብቼ፣ አሰላ ውስጥ ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፈው «ዴንጀር» ብለው አነበቡ። ጆሮዬ ምንም አልነገረኝም። ዐይኔ ግን ቀድሞ አወቀው፤ እነዚያው ስድስት ፊደሎች፣ በዚያው ቅደም ተከተል። መምህሩ በአማርኛ «አደጋ» ብለው ቀጠሉ። ደብተሬ ላይ «አደጋ» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም እጄ እዚያው ቆመ። የቀሩት ቃላት ተጠርተው፣ ተተርጉመው፣ ጠፍተው፣ ክፍሉ ለዕረፍት ሲወጣ እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ቆርቆሮው ሲጮህ ነበር ማለት ነው። ሲጮህ ነበር፣ በእጄ ይዤው፣ እኔ ደግሞ ስሙ ነው ብዬ ለአክስቴ አቀበልኳት።

ስለዚያ ቀን ብዙ ዓመት ለማንም አልተናገርኩም። እንግሊዝኛ አስተማሪ የሆንኩት በዚያ ቃል ምክንያት ነው ብል ነገሩን አጋንኜ መናገር ይሆንብኛል። ግን በየዓመቱ አዲስ ክፍል ይዤ ያቺን ቃል ስጽፍ ጠመኔው እጄ ላይ ይከብደኛል።

ሰዎች ያኔ አክስቴን «ያልተማረች» እያሉ ሲያዝኑላት እሰማ ነበር። ይህ እውነት አይደለም። አክስቴ ማንበብ ትችል ነበር። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ፣ ልጇን አዝላ ማታ ማታ ጣቢያ እየሄደች፣ ሀሁን ቆጥራ፣ ፈተናውን አልፋ የምስክር ወረቀት ተቀብላለች። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር፤ ኦሮምኛውም በዚያ ጊዜ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል ነው። አሰላ ወጥታ ስትመለስ «በሪሳ» ጋዜጣ ይዛ መጥታ ለአያቴ ጮክ ብላ ታነብላት ነበር። የምስክር ወረቀቷ በመስታወት ገብቶ፣ ከሞተው ባሏ ፎቶግራፍ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ቆርቆሮው ላይ «አደጋ» ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ፣ ወይም በኦሮምኛ «ባላ» ቢባል፣ እኔን መጠበቅ አያስፈልጋትም ነበር። ለእርሻችን የመጣው መርዝ ግን ለእርሻችን በማይነበብ ፊደል ተጠቅልሎ መጣ።

ቋንቋችንም ከዚህ ነገር እጁ ንጹሕ አይደለም። ተባይ የሚገድለውን፣ አረም የሚያቃጥለውን፣ አይጥ የሚጨርሰውን ሁሉ «መድኃኒት» እንላለን፤ የተምች መድኃኒት፣ የአረም መድኃኒት፣ የአይጥ መድኃኒት። በኦሮምኛም እንዲሁ ነው፣ ሕመምተኛ የሚውጠውም ማሳ ላይ የሚረጨውም «ቆሪቻ» ነው። መድኃኒት ደግሞ ሲቀቡት የሚያድን፣ ሲጠጡት የሚፈውስ ነገር ነው። በዚህ ስም የተጠራ ፈሳሽ ቤት ገብቶ የሕፃን ራስ ቅማል ላይ ቢፈስ፣ የጥጃ ጆሮ ቢቀባ፣ በቆርቆሮው ውኃ ቢቀዳ ጥፋቱ የማን ነው? አክስቴ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነበር። መድኃኒት ነው ወይ አለች፣ ነው አልናት። ተምች ይገድላል ወይ፣ ይገድላል። «መርዝ» የሚል አጭር፣ ጥርት ያለ፣ ማንም የማይስተው ቃል አለን። እሱን ለእባብና ለሰው ተንኮል ትተን፣ ለቆርቆሮው የፈውስን ስም ሰጠነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በየገበያው አሁንም «መድኃኒት» ነው የሚባለው።

አርሲ ግን ማንም የማይስተው ምልክት ነበረው። አያቴ ሲንቄ ነበራት፤ ለጋ ሙሽራ ሆና ስትዳር እናቷ የሰጠቻት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር። ሴት ልጅ ስትበደል፣ በተለይ ወልዳ ቀነፋ በግንባሯ ያሰረች አራስ ስትነካ፣ ሴቶቹ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። ሁለት ጎሣ ጦር ይዞ ሲፋጠጥ መሐል ገብተው በትሩን ከያዙ የሚያልፍ ወንድ የለም። በትሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ስለቱም ጉልበቱም አይደለም የሚያስቆመው፤ ሁሉም የሚያውቀው ወዩ ነው፣ የማይደፈር ክብር። የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ሴቶች በሰልፍ ሲያልፉ አባቴ ከመንገድ ወርዶ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም አይቻለሁ። ምልክት ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ ያየው ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚገባው፣ ልጅ ጠብቆ የማያስነብበው።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ፣ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት፣ ትልልቆቹ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከሚቀመጡበት መደርደሪያ አንድ ከሰዓት ይህችን ቃል ፈለግኋት። የጠበቅሁት «አደጋ፣ ስጋት፣ ጉዳት» የሚል ነገር ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከጥንቱ ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ ከላቲኑ «ዶሚኑስ» ይወርዳል። ዶሚኑስ ማለት ጌታ፣ ባለቤት ነው። ስለዚህ ዳንገር መጀመሪያ የሚፈነዳ፣ የሚያቃጥል፣ የሚመርዝ ነገር አልነበረም። የጌታ ሥልጣን ነበር። በአንድ ሰው ዳንገር ሥር መሆን በእጁ መውደቅ፣ ቢፈልግ የሚምርህ ቢፈልግ የሚጎዳህ መሆን ነው። ሼክስፒር የቬኒሱን ነጋዴ ተውኔት በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጽፍ ይህ ትርጉም ገና አልሞተም። ችሎት ላይ ፖርሺያ ባለ ዕዳውን አንቶኒዮን ስትጠይቀው፣ በሻይሎክ ዳንገር ውስጥ ነህ ወይ የሚል ጥያቄ ነው ያቀረበችለት። ማለቷ በእጁ ነህ ወይ ነው። በኋላ ነው ቃሉ ጌታውን ጥሎ ጉዳቱን ብቻ ይዞ የቀረው።

ያንን ገጽ ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። ትዝ ያለኝ ቆርቆሮው አልነበረም፤ አያቴ እሳት ዳር ደጋግማ የምትነግረን የባሏ ታሪክ ነው።

ወንድ አያቴ ጭሰኛ ነበር። መሬቱ የሌላ ሰው ነው፤ ካመረተው እኩሌታውን ለባለ መሬቱ ይሰጣል፣ በዓል ሲመጣ በግ ይነዳል፣ ማር ያቀርባል፣ ሲጠራ ይሄዳል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት እርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሥራ ጀመረ፤ ሰው ሁሉ «ካዱ» ነው የሚለው። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዘር እየተሞከረ፣ ማዳበሪያ በብድር እየታደለ፣ የወተት ላሞች እየተዳቀሉ ሀገሩ ተለወጠ። የቡሬ ዘር የመጣው ከዚያ ነው። ካዱ የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ አያቴም ይህን አትክድም፣ «ስዊድኖቹ ደጎች ነበሩ» ትላለች። ነገር ግን ስንዴው በማዳበሪያ እጥፍ ሲያፈራ ያዩት ባለ መሬቶቹም ናቸው። ትራክተር መጣ። ትራክተር ባለበት ጭሰኛ ምን ያደርጋል? በጭላሎ አውራጃ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ተነቀለ። የጭሰኛውን መብት ይጠብቃል የተባለው ረቂቅ ሕግም ባለ መሬቶች በበዙበት ፓርላማ ሳይጸድቅ ዘመኑ አለቀ።

አያቴ የምታስታውሰው ትራክተሩን ነው። ቀይ ማሲ ፈርጉሰን። ከአድማስ ሲመጣ ልጆቹ ተደስተው ወደ እሱ ሮጡ፤ ባሏ ግን ሞፈሩን ይዞ እንደቆመ ቀረ። ለአንድ ሳምንት ማንም ምንም አላለውም። «ያ ሳምንት ነው የገደለው» ትል ነበር። «ውጣ ቢሉት ይወጣ ነበር። ዝም አሉት። ጠዋት ጠዋት ጌታው ምን ያስብ ይሆን እያለ ይነሣ ነበር።» ከመኸሩ በኋላ ቃሉ መጣ፤ ተነሡ። የመሬት አዋጁ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በሬዲዮ ሲነገር፣ ወንድ አያቴ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ ያ ሳምንት በአማርኛ ምን ይባላል? «አደጋ» አይባልም። የኛ አደጋ ድንገተኛ ነው። «አደጋ ጣለ» ስንል ሳይታሰብ፣ ከጫካ፣ ከኋላ፣ በሌሊት የመጣን ጠላት ነው የምናየው። የመኪና አደጋ፣ የእሳት አደጋ፣ የጎርፍ አደጋ፤ ሁሉም ዱብ ይላል። ከሚደርሰው ነገር ጋር እንዲህ ስለተጣበቀ ለማጥፋት የሚመጣውንም በእሱ ስም እንጠራዋለን፤ ቤት ሲቃጠል «እሳት አደጋ ጥሩ!» እንላለን። ቃሉ በመደጋገም ሲደነዝዝብን ደግሞ ሌላ ስም እናወጣለን። በየመንገዱ ሰው የፈጀውን አይሱዙ ሕዝቡ «አልቃይዳ» ያለው፣ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር» ያለው ለዚህ ይመስለኛል፤ «አደጋ» ማለት ብቻ ስለማይበቃው። የወንድ አያቴ ሳምንት ግን ዱብ ያለ ነገር የለበትም። ማንም አልመታውም፣ ምንም አልተቃጠለም። በሌላ ሰው ሐሳብ ውስጥ ተቀምጦ ሰባት ቀን ኖረ። እንግሊዝኛው ከ800 ዓመት በፊት ይዞት የነበረው ትርጉም ይህ ነው፤ ያኔ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ያንን አሮጌ ትርጉም በየቦታው አየዋለሁ። በ1996 ዓ.ም. ስለ «አደገኛ ቦዘኔ» የወጣው አዋጅ ሥራ የሌለውን ወጣት በዚህ ስም መያዝ ሲፈቅድ፣ አደገኛ ማነው ብሎ የሚወስነው ሥልጣን ያለው ሰው እንደሆነ አየሁ። ቃሉ ወደ ጌታው እጅ ተመልሷል። ተማሪዎቼ ደግሞ «አደገኛ ተጫዋች ነው» ብለው ሲያደንቁ እሰማለሁ፤ እሱም በኳሱ ሌላውን በእጁ ያስገባ ነው፤ ከሥሩ ያን ያህል አልራቀም።

ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ስለ ደረጃው ነው። በፋብሪካና በኬሚካል ዕቃ ላይ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት ይጻፋሉ፤ «ዴንጀር»፣ «ዋርኒንግ»፣ «ኮሽን»። የትኛው ይብሳል? የመጀመሪያው፣ እላቸዋለሁ። ዴንጀር ከተጻፈ ከሁሉ የከፋ ነው፣ ሰው ሊሞት ይችላል። ዋርኒንግ ከእሱ ዝቅ ይላል፣ ኮሽን ደግሞ ከሁለቱ። ወደ አማርኛ ሲመጡ «አደጋ»፣ «ማስጠንቀቂያ»፣ «ጥንቃቄ» እንላቸዋለን፤ ይበቃል፣ ጥሩ ትርጉም ነው። የፀረ ተባይ ዕቃዎች ግርጌ ላይ ያለውን የቀለም መስመርም አስተምራቸዋለሁ፤ ቀዩ ከሁሉ የሚገድለው ነው፣ ከዚያ ቢጫው፣ ከዚያ ሰማያዊው፣ በመጨረሻ አረንጓዴው። ይህ በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የለም። ግማሾቹ ልጆች ከገጠር ስለሚመጡ ቤታቸው ገብተው የአባታቸውን ጠርሙስ ገልብጠው እንዲያዩ አዛቸዋለሁ። አንዳንዶቹ ቀለሙን በደብተራቸው ስለው ያመጡልኛል።

ለአክስቴ የነገርኳት የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቴን ጨርሼ ለእረፍት ስመጣ ነው። ጩኮ አቅርባልኝ፣ ኢቲቱ በጮጮ ቀድታልኝ ነበር። ቅቤው ጣቴ ላይ እየቀለጠ ነው የነገርኳት። ቃሉ ስሙ አልነበረም አልኳት። አደጋ ነበር የሚለው፣ ማንበብ አቃተኝና ስሙ ነው አልኩሽ። ቡሬ በእኔ ነው የሞተችው።

አክስቴ ወዲያው አልመለሰችም። ምድጃው ላይ ያለውን እንጨት ገፋ አደረገች። ልጆቿ አድገው ትልቁ አዳማ ሠራተኛ ሆኗል። ግድግዳው ላይ ያ የምስክር ወረቀት ቢጫ ሆኖ አሁንም አለ።

«ታዲያ ስሙን ነው የነገርከኝ» አለች በመጨረሻ። «ዳንገር ነበር ስሙ። እኛም በስሙ ጠራነው። ስንት ልጅ ዳነበት መሰለህ?»

ያን ዕለት ለራሷም ለእኔም መጽናኛ ብላ እንደተናገረችው ገምቼ ነበር። ዛሬ ግን እውነቷን ይመስለኛል። የተምቹን መርዝ «መድኃኒት» ብለው የሚጠሩ ብዙ መንደሮች ነበሩ። የኛ መንደር ግን በሞተች ጥጃ ምክንያት ትክክለኛውን ስም ተጠቀመ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ይሁን በአማርኛ ማንም አልጠየቀም። እንደ ሲንቄው ሆኖ ነበር፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ይቆማል።

አክስቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ባለፈው ሰኔ ወንድሜን ልጠይቅ አሰላ ሄጄ፣ ገበያው አጠገብ ካሉት የእርሻ ግብዓት ሱቆች ወደ አንዱ ገባሁ። መደርደሪያው ሙሉ ነው፤ የስንዴ ዋግ፣ የሣር አረም፣ የቅጠል አረም። ጋሪዎች ደጅ ላይ ቆመዋል፣ ፈረሶቹ ከዝናቡ እንፋሎት ይወጣቸዋል። ባንኮኒው ፊት አንድ ሽማግሌ የዩኒፎርም ሹራብ ከለበሰች ልጅ ጋር ቆመዋል፤ የልጅ ልጃቸው ትሆናለች፣ አሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመቷ። ሽማግሌው ጠርሙሱን ለልጅቷ አቀበሉ። ጠርሙሱ የአማርኛ ጽሑፍም ነበረው፤ ፊደሉ ግን የጤፍ ያህል ደቅቋል፣ ልጅቷም ትምህርቷን የምትማረው በቁቤ ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ በኦሮሚያ ልጆች ኦሮምኛን የሚጽፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ የፈረንጁን ፊደል ከእኔ ዘመን ልጅ ይልቅ አብልጣ ታውቀዋለች። ጣቷን ትልቁ ቃል ላይ አድርጋ፣ አንድም ሳትደናቀፍ፣ በቁቤው አነባበብ ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ዳንገር።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስሙ ነው?» አሏት በኦሮምኛ።

ልጅቷ ጠርሙሱን አንድ ጊዜ ዞር አድርጋ አየችው። «አዎ፣ ስሙ ነው» አለች።

«ለመዥገርስ ይሆን ይሆን?»

ባለ ሱቁ ከኋላ ሌላ ደንበኛ እያስተናገደ ነው። እኔ ሁለት እርምጃ ቀርቤ «አባባ፣ ስሙ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሯል፤ ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ልጅቷ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ ይዛዋለች።

«ታዲያ ምንድን ነው?» አሉኝ ሽማግሌው፣ በትሕትና።

አደጋ ልል ነበር፣ ባላ ልል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን የጥጃዋ ስም ሆነ። ከእሷ ጀመርኩላቸው።